የማይወጣው ካሴት

ጥቅምት 6

ይድረስ ከሆዴ ባትወጣም ከእጄ ለበላኸው ልጄ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከጉልበቴና ከተሳፋሪዎቼ በቀር የሚያመኝ የለም። ያለህበት አገር ብርዱ እንዳይጎዳህ፣ ክንድህ እንዳይዝል፣ የረገጥከው ሁሉ እንዲለመልምልህ እመርቅሃለሁ።

ዛሬ ለምኜህ የማላውቀውን ልለምንህ ነው። ገንዘብ አይደለም፤ አትደንግጥ። መኪና ውስጥ የሚሠራ ሙዚቃ ማጫወቻ ምረጥልኝ። ትንሽ፣ በእጅ የሚያዝ፣ እኔን የመሰለች አሮጊት ነካክታ የማታበላሸው ይሁን።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎትህ ካረፈ ወዲህ ሚኒባሷን የምነዳው እኔ ነኝ። ጠዋት የልብስ ፋብሪካውን ሠራተኞች ከየበራቸው ለቅሜ አደርሳለሁ፣ ማታ እመልሳለሁ። ሰሞኑን ግን አድማ ተነሥቶብኛል። የአድማው መሪ ጋቢና ከጎኔ የምትቀመጠው ቁልፍ ተካይ ናት። ሁልጊዜ ስለምታጣድፈኝ "ወይዘሮ ቶሎ በይ" እንላታለን። እሷ ናት ፊቷን ወደ እኔ አዙራ፣ "እንደ ሰው ሙዚቃ እየሰማን እንሂድ እንጂ! ይህን የምታሰሚንን ነገር ከእንግዲህ ጆሯችን አይችለውም። ክረምት ሳይገባ ካልቀየርሽው ሌላ መኪና እንይዛለን" ያለችኝ። ከኋላ ያሉትም "እውነቷን ነው" አሉ። እውነቷን ነው ይላሉ እንዴ! እኔ እኮ ዝናብ ላይ ቆሜ ጠብቄያቸው አውቃለሁ።

እነሱ ከሄዱ መኪናዋ በር ላይ ቆማ ትዝጋለች፣ እኔም ከጎኗ። የምታሰሚያቸው ምንድን ነው አትበለኝ፤ የቆየ ካሴት ነው።

መቼ ነው የምትመጣው?

ያሳደገችህ፣ እትዬ

*

ኅዳር 1

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፣

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ፖስታውን ሳልቀድ አሸተትኩት፤ የቤታችን ሳጥን ሽታ አለው። ጤናሽን ይስጥልኝ፣ ጉልበትሽን ያበርታልኝ። እኔ ደህና ነኝ። አሁንም እዚያው መኪና አከራይ ቤት ነኝ፤ ተከራዮች የመለሷቸውን መኪኖች አጥባለሁ፣ ወንበር ሥር እጠርጋለሁ። ሰው መኪና ውስጥ የማይረሳው ነገር የለም። ጃንጥላ፣ መነጽር፣ የአንድ እግር የሕፃን ጫማ። ሙዚቃ ማጫወቻ ደግሞ በሽ ነው። ባለቤቱ ሳይመጣ ብዙ ከቆየ አለቃችን "ውሰዱት" ይለናል፤ ስለዚህ ከካርቶን መርጬ ነው የምልክልሽ።

አንደኛው ፊቱ መስታወት ነው። እንደ ክብሪት ቀፎ ትንሽ፣ የሚያምር፤ በጣት እየዳበሱ ነው የሚያዙት። ግን ካላዩት አይታዘዝም፤ እሱን ያየ ሾፌር መንገዱን አያይም። ተወው። ሁለተኛው ወፈር ይላል፤ አያምርም፤ ነገር ግን ጎላ ጎላ ያሉ ቁልፎች አሉት። አውራ ጣትሽ በአንድ ቀን ይለምዳቸዋል። ጋሼ ነፍሱን ይማረውና "እጅ ይፈልግ፣ ዓይን መንገድ ላይ ይዋል" ይል አልነበር? እሱ ቢኖር ይህን ይመርጥ ነበር።

አሁን አንድ ነገር እዪልኝ። የመኪናው ቴፕ ፊቱ ላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ አለው? ካለው በሽቦ ይገናኛል። ከሌለው ካሴት የሚመስል ነገር አለ፤ በካሴቱ አፍ ይገባና ከማጫወቻው የመጣውን ድምፅ ለቴፑ ይሰጣል። ያም ካልሆነ ሲጋራ መለኮሻው ላይ ተሰክቶ ዘፈኑን በሬዲዮው በኩል የሚያሰማ አለ። የቱ ይሁን?

ልጅሽ

*

ኅዳር 23

ለልጄ፣

ጤና ይስጥልኝ። ቁልፍ ያለውን መምረጥህ አስደሰተኝ፤ እሱ ይሁን። ቴፑን በጨርቅ ጠርጌ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ ፊቱን ሁሉ በረበርኩት። ቀዳዳ የሚባል የለውም። ያለው አፍ ብቻ ነው። አፉ ደግሞ ሥራ ይዟል። በአፍ የሚገባ ነገር እንዳትልክብኝ፣ አደራ! የሬዲዮውን ላክ።

ዓይኔ ከመንገድ እንዲነሣ አልሻም፤ በተለይ ከአሮጌው የውሃ ታንከር አለፍ ብሎ ያለችው መታጠፊያ ላይ። ለመሆኑ አንተ ልጅ ሳለህ እዚያ ጋ ትንሽ ልጅ ያለው ቤተሰብ ይኖር ነበር? ብታስታውስ ንገረኝ። እንዲያው ነገሩን ላውቀው ብዬ ነው።

መምጫህን አልነገርከኝም።

እትዬ

*

ታኅሣሥ 14

ለምወድሽ እትዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ወደዚያ የምትመለስ አንዲት ነርስ አግኝቼ ማጫወቻውንም የሬዲዮውንም ማስተላለፊያ ልኬያለሁ። ዘፈኖቹን ሞልቼዋለሁ፤ ወይዘሮ ቶሎ በይን የሚያስጨፍሩ ናቸው። ሬዲዮውን ማንም የማያወራበት ቁጥር ላይ አድርጊው፣ ማስተላለፊያውንም እዚያው ቁጥር ላይ፤ በቃ፣ ይዘፍናል።

እዚህ በረዶ ጥሏል። ሥራ በዝቶብኝ ነው ያሳጠርኩት።

ልጅሽ

*

ጥር 9

ለልጄ፣

ነርሷ ቤት ድረስ አመጣችልኝ፤ ፈጣሪ ይስጣት። ደግሞ እንዴት ያለች ጨዋ ናት። አላገባችም አሉ፤ እኔ ምን አገባኝ፣ ልንገርህ ብዬ ነው።

ማጫወቻው በእጄ ልክ ነው። ነገር ግን ተዋረድኩ! ተሳፋሪዎቹን ጭኜ፣ "ዛሬ ጉድ ታያላችሁ" ብዬ አፌን ሞልቼ ተናግሬ፣ ሰካሁ፣ ቁጥሩን አዛመድኩ፣ ተጫንኩ፤ ጭጭ። ለካ ይኼ ቴፕ ካሴት አፉ ውስጥ እስካለ ድረስ ሬዲዮው ትንፍሽ አይልም። ወይዘሮ ቶሎ በይ ማስተላለፊያውን ነቅላ ጆሮዋ ላይ ደቅና "ሃሎ፣ ሃሎ" ስትል ሰው በሳቅ ሞተ። ከኋላ የሚቀመጠው ሱሪ ቆራጭ ግን አልሳቀም። ያን ቀን ማታ ወርዶ፣ "እትዬ፣ አልጠላሁሽም፤ ሌሊት በህልሜ እየመጣብኝ ነው" ብሎኝ ሄደ። ከማግስቱ ጀምሮ በሌላ መኪና ነው የሚሄደው። ሚስቱም ተከተለችው።

ካሴቱን ሳልነካ የሚሠራ ሌላ ብልሃት ፈልግ።

እትዬ

*

ጥር 30

እትዬ፣

ጤናሽን ይስጥልኝ። ምን ብልሃት ያስፈልገዋል? ካሴቱን አውጪዋ! ማውጫው እምቢ ካለ ማንም መካኒክ በቀጭን ቢላ ፈልቅቆ ያወጣዋል። አንድ ያረጀ ካሴት ይህን ሁሉ ሰው ሊያሳጣሽ ነው? ሱሪ ቆራጩ በህልሙ የሚመጣበትስ ምንድን ነው? የምትደብቂኝ ነገር አለ መሰለኝ። ቁርጡን ንገሪኝ።

ልጅሽ

*

የካቲት 20

ለልጄ፣

እንደ ተቆጣህ ገባኝ። ልክ ነህ፤ ልጅ አሳድጎ መደበቅ ነውር ነው። እነሆ ቁርጡ።

ካሴቱ ዘፈን አይደለም። አጎትህ ነው።

ከእንግዲህ መሪ መያዝ እንደማይችል ሐኪሙ ሲነግረው፣ እኔን ከጎኑ አስቀምጦ መንዳት አስተማረኝ። መንገድ ላይ ስወጣ የተማርኩት ሁሉ ብን ብሎ ይጠፋብኝ ነበር። አንድ ቀን ቴፕ መቅጃውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ የሐኪሙን ቃል ጥሶ፣ ብቻውን፣ ከቤት እስከ ፋብሪካው፣ ከፋብሪካው እስከ ቤት ነድቶ መጣና "በይ፣ ከእንግዲህ አብሬሽ ነኝ" ብሎ ካሴቱን ሰጠኝ። በፊቱ መሄጃው ነው፣ በጀርባው መመለሻው፤ ቴፑ ሳይወጣ ራሱ ይገለብጠዋል። "ፍሪሲዮን። ሁለተኛ ማርሽ። ስፖኪዮሽን እዪ። የመምህሩ አጥር ጋ ጉድጓድ አለ፣ ወደ ቀኝ ያዝ አድርጊ። አትቸኩዪ፣ መንገዱ የትም አይሄድም።" መሃል ላይ ያስላል። አንዳንዴ ያፏጫል። ሲቀድመኝ አቆመዋለሁ፤ ስቀድመው ጥግ ይዤ እጠብቀዋለሁ። እሱን ከቀበርን ወዲህ አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን እንኳ፣ ያለ እሱ ድምፅ ነድቼ አላውቅም። የመምህሩ አጥር ፈርሷል፣ ጉድጓዱም ተደፍኗል፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ወደ ቀኝ እይዛለሁ።

ተሳፋሪዎቹ መጀመሪያ እንባቸውን ይጠርጉ ነበር። ኋላ ግን ፈሩ። ያስፈራቸው መታጠፊያዋ ናት። የውሃ ታንከሩን አልፈን ትንሽ እንደ ሄድን ድምፁ ድንገት ይለወጣል፤ "ልጁ! ልጁ! ያዢ!" ብሎ ይጮኻል። የፍሬኑ ሲጥታ እዚያው ካሴቱ ውስጥ ይሰማል። ከዚያ ዝም። ትንፋሹ ብቻ። ቆይቶ ቀስ ብሎ፣ "አለፈ፣ ተመስገን። ሂጂ" ይላል። እኔም በየቀኑ ፍሬን እይዛለሁ። ሰው ሁሉ ወደ ፊት ይደፋል። መንገዱ ባዶ ነው። አንድ በኩል መጋዘን፣ አንድ በኩል ግንብ፤ ሰው የሚኖርበት አይደለም። የዘበኞቹን በር ሳይቀር አንኳኩቼ ጠይቄያለሁ። "እዚህ ልጅ ኖሮ አያውቅም" አሉኝ። ሱሪ ቆራጩ "ሰውየው ሞቶም ያየዋል" የሚለው ይህን ነው።

አሁን የምነግርህን ለማንም አልነገርኩም። ባለፈው ሳምንት እኔም አየሁት። በጠራራ ፀሐይ። ትንሽ ልጅ ነው፣ አረንጓዴ ሹራብ ለብሷል፣ እጀታው ረዝሞ ጣቶቹን ሸፍኗቸዋል። እየተሻገረ አልነበረም። ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ እየሳቀ፣ ወደ መኪናው ነበር የሚሮጠው። ፍሬን ያዝኩ። ዓይኔን ስገልጥ የለም። ወይዘሮ ቶሎ በይ ፊቴን አይታ ለመጀመሪያ ጊዜ "ቀስ በይ፣ እትዬ" አለችኝ።

አላበድኩም። መካኒኩ ማውጫው ስለተሰበረ ካሴቱ ተስቦ ከወጣ ክሩ ይበጠሳል ብሎኛል። ይበጠስ እሺ። ግን ካሴቱ ወጥቶ፣ ዘፈን ከፍቼ፣ ያ ልጅ በዚያ ቀን ቢመጣብኝ ማን ይነግረኛል? የፈራሁት ይህን ነው፣ ልጄ። ሌላ አይደለም።

እትዬ

*

ሚያዝያ 3

ለልጄ፣

ምነው ድምፅህ ጠፋ? ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ይነቅዛል። አሮጊቷ ለየላት ብለህ ከሆነ ግድ የለም፣ በለኝ፤ ግን ጻፍልኝ። ሁለት ሰው ደግሞ ወርዷል። ደመናው መሰብሰብ ጀምሯል።

እትዬ

*

ሚያዝያ 29

ለምወድሽ፣ ለማከብርሽ እትዬ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣

ይቅር በይኝ። ደብዳቤሽን ካነበብኩ ጀምሮ ብዕር ባነሣሁ ቁጥር እጄ እምቢ እያለኝ ነው። አሁንም እምቢ እያለኝ ነው የምጽፈው።

ያ ልጅ እኔ ነኝ።

አረንጓዴውን ሹራብ የሠራሽልኝ አንቺ ነሽ። እጀታው ረዘመብኝ ብዬ ሳለቅስ፣ "ታድግበታለህ" ያልሽኝ ትዝ ይልሻል? ያኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ በመጋዘኑ በኩል አቋርጥ ነበር። የጋሼን ክላክስ ከሩቅ አውቀዋለሁ። አንድ ቀን ያን ክላክስ ሰማሁና ከግንቡ ጥግ ፈንጥዤ ወጣሁ፣ እጄን ዘርግቼ፣ መኪናው ፊት። ፍሬኑ ሲጮህ ይሰማኛል። የመኪናው ብረት ሹራቤን ነክቶ ቆመ። ገላዬን አልነካኝም፣ ሹራቤን ብቻ። ጋሼ ወረደ። አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለ። ያ ተራራ የሚያህል ሰው! ጭኑ ላይ አስቀምጦኝ ልቡ ሲመታ በጀርባዬ እሰማው ነበር። ከዚያ "ለእትዬህ አንነግራትም። ከሰማች ሁለተኛ ከቤት አታወጣህም" አለኝ። አልነገርንሽም።

ከዚያ ወዲያ ግን እዚያች ቦታ በደረሰ ቁጥር "ልጁ!" ብሎ ፍሬን ይይዛል። እኔ ጋቢና ከጎኑ ተቀምጬ! "ጋሼ፣ እኔ እዚህ ነኝ" እለዋለሁ። "አውቃለሁ። እግሬ ነው የማያምነው" ይለኛል። እስከ ሄድኩበት ቀን ድረስ እንዲሁ ነበር። ካሴቱን የቀዳ ዕለት መንገዱ ባዶ እንደ ነበር አልጠራጠርም። አንቺን ሊያስተምር የያዘው ፍሬን አልነበረም፤ ለእኔ የያዘው ነው፤ እስከ መጨረሻው ሲይዝልኝ ኖሯል።

አየሁት ያልሽውን ግን ምን ብዬ ልፍታው? እኔ በሕይወት አለሁ፣ እትዬ። ደብዳቤሽን ያነበብኩ ቀን ፊቴን በመኪና መስታወት ደጋግሜ አየሁት። ያ ልጅ እዚያ መንገድ ላይ ቀርቶ እኔ ብቻዬን መጥቼ ይሆን እንዴ አልኩ። መቼ ትመጣለህ ስትይኝ ለምን ዝም እንደምል ልንገርሽ። ቀብሩ ላይ አልተገኘሁም። ብመጣ በዚያች መታጠፊያ ማለፌ አይቀርም፤ ስናልፍ ደግሞ የሚጮኽልኝ የለም። ያንን ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት ሰጥቼሽ ከሆነ ውሸት ነው።

አሁን የላክሁልሽ ማጫወቻ ሌላ ነው። ካርቶኑን ሁሉ ገልብጬ የመረጥኩት፤ ቁልፉ እንደዚያኛው ጎላ ያለ ነው፣ ግን ድምፅም ይቀዳል። መኪናዋን ግቢ አቁሚ፣ መስኮቱን ዝጊ፣ ድምፅ ማጉያው አጠገብ አስጠጊውና ቀዩን ተጫኚ። ፊቱንም ጀርባውንም ቅጂው። ከዚያ መካኒኩ ይምጣ። ክሩ ቢበጠስ ጋሼ አይበጠስም።

ልጅሽ፣ ባለ አረንጓዴ ሹራቡ

*

ሰኔ 11

ይድረስ ለልጄ፣ ለባለ አረንጓዴ ሹራቡ፣

ሰላምታዬ ይቅደም። ሁለታችሁም ሌቦች ናችሁ! ቤቴ ውስጥ፣ አንድ ገበታ እየበላን፣ ይህን የሚያህል ነገር ይደበቃል? እሱን አግኝቼ ልጮኽበት አልችልም፤ አንተ ላይ ግን ስትመጣ እጮኽብሃለሁ። ደብዳቤህን ይዤ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ሳቅሁ። ከዚያ ሹራቡን ከሳጥኑ ሥር ፈልጌ አወጣሁት። ሆዱ ላይ የጠቆረ ነገር አለ። ያኔ "የት ተደገፍክ?" ብዬ ገርፌህ ነበር፤ ለካ የመኪና ቅባት ነው። ስንት ጊዜ አጥቤዋለሁ፣ አልለቀቀም።

እንዳልከኝ አደረግሁ። ግቢ ውስጥ መስኮቱን ዘግቼ፣ እኔና እሱ ብቻ፣ ከቤት ሳንወጣ መንገዱን ሁሉ ሄድን፣ ተመለስን። ቀዩን ተጭኜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀዳሁት። ከዚያ መካኒኩ መጣ። ክሩ ተበጠሰ፤ እንደ ፈራሁት። እንደ አንጀት ተጎልጉሎ ወጣ። እጄ ላይ ጠቅልዬ ተቀበልኩት።

ማግስቱን ጠዋት ተሳፋሪዎቼን ጫንኩ። ያ ሬዲዮ አፉን ከፍቶ ዘፈነልህ! ወይዘሮ ቶሎ በይ በትከሻዋ ጀመረች። ከኋላ አጨበጨቡ። እኔ ግን ላብ አጥምቆኛል። በየመታጠፊያው ጆሮዬ ይጠብቀዋል፤ ማንም "ስፖኪዮሽን እዪ" አላለኝም። አየሁ። የመምህሩ አጥር ጋ ስንደርስ ወደ ቀኝ ያዝ አደረግሁ፤ ማንም አልሳቀም።

የውሃ ታንከሩን አለፍን። ያኔ ጭብጨባው ቆመ። ዘፈኑ እየጮኸ ነው፣ ሰው ግን ጭጭ። በስፖኪዮው ወደ ኋላ ሳይ ሁሉም ፊት ለፊቱ ያለውን ወንበር ጨብጧል። ማንም ሳይነግራቸው። የማንም ድምፅ አልተሰማም፣ ልጅም አላየሁም፤ እግሬ ግን ያዘ። ቆምን። ዘፈኑን አጠፋሁት።

"አለፈ፣ ሂጂ" የሚለኝን ጠበቅሁ። የለም። ለራሴም ልለው አልቻልኩም፤ ምክንያቱም አላለፈም። ያ ልጅ መንገድ ሊሻገር አልነበረም የሮጠው፤ ወደ ቤት ሊሳፈር ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ቆመንለት፣ ስንት ዓመት ሙሉ ጥለነው ሄድን። ጎንበስ ብዬ የጋቢናውን በር ከፈትኩ። "ግባ፣ ልጄ። ከእንግዲህ ፊት ለፊት አትሩጥ። ና ግባ" አልኩት፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ። አበደች ይበሉኝ አልኩ።

ወይዘሮ ቶሎ በይ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳትቸኩል ውላ የማታውቅ ሴት፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አነሣችና ወደ እኔ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀች። ከዚያ እጇን ዘርግታ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። "ገብቷል። ሂጂ፣ እትዬ" አለችኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አላየሁትም። ሱሪ ቆራጩም ሚስቱን ይዞ ተመልሷል፤ ዘፈን መምረጥ እሱ ካልሆነ አይሆንም እያለ ያስቸግረኛል።

የአጎትህን ድምፅ በማጫወቻው ትንሿ ሚሞሪ አድርጌ፣ ተመልሳ ወደዚያ በምትመጣው በነርሷ እጅ ልኬልሃለሁ። ለእኔ አላስቀረሁም፤ መንገዱን አሁን አውቀዋለሁ። የመሄጃውን ተወው፣ የመመለሻውን ስማ። ያቺ መታጠፊያ ጋ በመመለሻውም ይጮኽልሃል። ከዚያ አትቸኩል ይልሃል፤ ማርሽ ቀይር፣ ፍሬቻ አሳይ፣ የግቢያችን ብረት በር ጋ ስትደርስ ቀስ በል ይልሃል። መጨረሻው ላይ ሞተሩ ይጠፋል፤ ከዚያ የእሱ ድምፅ፣ "ደረስሽ። በሩ ክፍት ነው፣ ግቢ" ይላል።

በሩ ክፍት ነው።

እትዬ